የሠላሳ አንድ ቁጥሯ ልብስ አጣቢ

አክስቴ በካርታው ላይ እንደሌለች የሰማሁት ከምሳ በፊት እጄን ስታጠብ ነው። አባቴ ለእናቴ እየነገራት ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጓል፤ ግን አባቴ ድምፁን ሲቀንስ ቃላቱን አንድ በአንድ ስለሚረግጣቸው ከጩኸቱ ይልቅ ሹክሹክታው ይሰማል።

«ሴትዮዋ የለችም» አላት። «አገላብጬ አየሁት። የለችም።»

«ቀስ በል፤ ግድግዳም ጆሮ አለው።»

«ይስማ! ግድግዳውም የኔ ነው።»

ሴትዮዋ የተባለችው ታላቅ እህቱ ናት። እስከዚያ ሰሞን «እትዬ» ይላት ነበር፤ እኔም ከእሱ አፍ ቀምቼ «እትዬ» እላታለሁ። እናታቸው እሱን ወልዳ ሳትነሳ ስትቀር፣ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ይህንን እናቴም፣ ጎረቤቱም፣ እሱም ያውቀዋል። የዚያን ቀን ግን «እትዬ» ሄዳ «ሴትዮዋ» መጣች። እኔ ትልልቅ ሰዎች የሚጠሩበት ስም እንደ ጫማ የሚቀየር መስሎኝ ብዙም አልገረመኝ።

የምንኖረው ከወንዙ ተነስቶ ሽቅብ በሚወጣው መንገድ ጫፍ ላይ፣ አናጢው አያቴ ገዝቶ በሮቹንና መስኮቶቹን በእጁ በሠራው ቤት ነው። የፊቱ ሁለት ክፍል የእኛ፣ የኋላው የእሷ፣ በመሃል አንድ ቧንቧና የልብስ ማስጫ ገመድ። አያቴ ከሞተ ወዲህ አባቴ ቤቱን ሸጦ ከዳገቱ ሊገላገል ይፈልጋል። ያለ እህቱ ፊርማ መሸጥ አይችልም። እሷ ደግሞ «ከዚህ ቤት የምወጣው በሰው ትከሻ ነው» ብላለች። ከዚህ ሁሉ ነገር እኔ የገባኝ አባቴ ቤት እየፈለገ መሆኑ ብቻ ነው። ስለዚህ ካርታ ነዳፊ ሆኖ ከሚሠራበት ከማዘጋጃ ቤቱ ጥቅሉን በብብቱ ይዞ ሲመጣ፣ አዲሱን ቤታችንን ሊያሳየን ነው ብዬ ወንበር ላይ እወጣ ነበር።

አሮጌው ካርታ ጀርባው ጨርቅ ነው። ሲዘረጋ የምድር ቤት እርጥበትና የሙጫ ሽታ ክፍሉን ይሞላዋል። ወንዙ ሰማያዊ፣ የድንጋይ ቤቶች ሮዝ፣ የእንጨቶቹ ግራጫ። አባቴ በእርሳሱ ጀርባ አንዱን ነካ አድርጎ «ይኸውልሽ እኛ» አለኝ። አንድ ሮዝ አራት ማዕዘን ነበር። ከበስተኋላው ባዶ ነጭ ነው።

«የእትዬ ክፍልስ?»

«የለም።»

«የት ሄደ?»

«ኖሮ አያውቅም» አለኝና ስኒውን በካርታው ጥግ ላይ አስቀመጠ።

ወጥቼ የእትዬን ግድግዳ በመዳፌ ገፋሁት። ጠንካራ ነው፤ ፀሐይ ሲመታው ውሎ ይሞቃል። ካርታ ይዋሻል ብዬ ማሰብ አልቻልኩምና ግድግዳውን ጠረጠርኩ።

ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ባለቤቴ ሲያርፍ፣ ቀኑን የምገፋበት ነገር ስፈልግ ወደ ከተማው መዝገብ ቤት የንባብ ክፍል መሄድ ጀመርኩ። ስለ እሱ እዚህ አልጽፍም። የምይዘው አጉሊ መነጽር የእሱ ነበር፤ ያ ይበቃል። ያንን ሉህ እንደገና ያየሁት እዚያ ነው። አባቴ ስኒውን ያስቀምጥበት በነበረው ጥግ ላይ የተለካበት ዓመት በጉልህ ተጽፏል። አክስቴ ከመወለዷ በፊት ነው። ቀጥሎ በወጣው ሉህ ላይ የኋላው ክፍል አለ፤ ሮዝ ቀለሙ ከፊተኛው ትንሽ ይደምቃል።

ያኔ ግን በእኛ ግቢ ሰላምታ ቀርቷል። እትዬ የምትሠራው በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። እጆቿ እስከ አንጓቸው ነጥተው፣ ተሰነጣጥቀው፣ በረኪና ይሸታሉ። የራሷን ልብስ አጥባ ስትጨርስ ባልዲውን እናቴ በተከለቻቸው አበቦች ላይ ትደፋዋለች።

«ውሃው መንገድ አጣ እንዴ?» ትላለች እናቴ ከመስኮቱ።

«መንገድ ያጣሁትስ እኔ ነኝ። ውሃማ ቁልቁለቱን ያውቃል።»

«አበባውን ገደልሽው እኮ!»

«ቅበሪው። መቅበር ትወጃለሽ።»

እናቴ መልስ ሲያልቅባት የእሷን ልብስ ከገመዱ ላይ እየለቀመች መሬት ላይ ትጥላለች። እትዬ አንስታ ትሰቅላለች። እናቴ ትጥላለች። እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ጨዋታ እንደሚያይ ሰው ግራ ቀኝ አያለሁ። በልቤ የማን ደጋፊ እንደሆንኩ አውቃለሁ። እኛ በካርታው ላይ አለን።

አንድ ቀን እትዬ ወደ ክፍሏ ጠራችኝ። አልጋዋ እንደ ሆስፒታል አልጋ ተወጥሮ ተነጥፏል። በሩን በእግሯ ገፋ አድርጋ «አባትሽ ያንን ወረቀት አንጥፎ ምን ይላል?» አለችኝ።

«ቤት ይፈልጋል።»

«ማን ማን አለበት?»

«እኛ አለን። አንቺ የለሽም።»

ሳቀች። «እኔ ጠፍቼ አላውቅማ! ምን ብለው ይጽፉኛል?» ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «ሂጂ በይ። እሱ ልኮሽ እንደሆነ ደግሞ ንገሪው፤ ጀርባዬ ይመስክር ብላለች በይው።»

አባቴ አልላከኝም። ለአባቴም አልነገርኩትም፤ ጀርባ እንዴት እንደሚመሰክር ስላልገባኝ ሳስበው ብቻ ዋልኩ።

ከዚያ በኋላ መጽሐፉ መጣ። አከርካሪው የተሰነጠቀ ወፍራም መጽሐፍ ነው። የከተማው የአድራሻ መጽሐፍ ይሉታል። በየመንገዱ፣ በየቤት ቁጥሩ፣ የቤቱ አባወራ ስምና ሙያ ተጽፎበታል፤ ጫማ ሰፊ፣ መምህር፣ ዳቦ ጋጋሪ፣ ጡረተኛ። አባቴ እትዬ የተወለደችበትን ዓመት እትም ነበር የመረጠው። ማስመሪያውን ከመስመሩ ሥር ይዞ እያወረደ፣ እያወረደ ሄዶ በራችን ላይ በተለጠፈው ቁጥር ላይ ቆመ። ሠላሳ አንድ። ከዚያ ሳቀ። አያቴ ከሞተ ጀምሮ ሲስቅ አልሰማሁትም ነበርና እኔም ሳቅኩ።

በሚቀጥለው እሑድ ከሰዓት የእናቴ ወንድም መጣ። ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ነው፤ ጣቶቹ ከታይፕ ሪባን ጥቁረት ጠርተው አያውቁም፤ ሲያወራም እንደሚጽፈው ነው። ውሃ ሲጠማው «ስለሆነም ውሃ ይሰጠኝ» ይላል እያለች እናቴ ትቀልድበት ነበር። እትዬ ከሥራ ልብሷ ሳትወጣ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ተቀመጪ» አላት አጎቴ።

«በአባቴ ቤት ተቀመጪ የሚለኝ እንግዳ ነው?» አለችና ቆማ ቀረች።

አባቴ መጽሐፉን ወደ እሷ አዞረው። «አንቺ በተወለድሽበት ዓመት በዚህ ቤት የሚኖረው ማነው? አንብቢው። ማንበብ አስተምሬሻለሁ።»

ጎንበስ አለች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። የአንዲት ሴት ስም ነበር፤ ከስሙ ቀጥሎ «ባልቴት፣ ልብስ አጣቢ» ይላል።

«ይቺ ማናት?»

«እናትሽ።»

እናቴ ጉሮሮዋን ጠረገች። አጎቴ ብዕሩን ከፈተ።

«አባቴ ቤቱን ሲገዛ ከነጓዙ ነው የገዛው» አለ አባቴ። «አንድ አሮጌ በርሜል፣ አንድ መሰላል፣ አንድ አራስ ልጅ። አዝኖ አሳደገሽ እንጂ አልወለደሽም። የኋላው ክፍልም ቢሆን፣ እዚያ ነው የተወለድኩት ትይ የለ? ይኸው ካርታው። ክፍሉ የለም። የት ተወለድሽ ታዲያ፣ አየር ላይ?»

«ጀርባዬ ላይ ሸንተህ አድገህ» አለች እትዬ ቀስ ብላ «ዛሬ ደግሞ ፊቴ ላይ?»

«ሞግዚት ነበርሽ። ሞግዚት አይወርስም።»

«ስለሆነም—» ብሎ ጀመረ አጎቴ።

«አንተ ዝም በል፣ የሰው እንባ ገልባጭ!» አለችው ዞር ሳትል። ዓይኗ ከመጽሐፉ አልተነሳም። ከዚያ እጆቿን ዘርግታ አየቻቸው። አባቴም አያቸው፤ ሁላችንም አየናቸው።

«አየሽ?» አላት። «ሙያው ራሱ ይናገራል።»

ለእኔ ነገሩ ያኔ አለቀ። አጣቢ፣ የአጣቢ ልጅ። በረኪናው ከእናቷ የወረሰችው ሽታ መሰለኝ። ወደ ማጠቢያው ክፍል የገባችው አባቴ የንድፍ ትምህርት ቤት እንዲገባ ብላ መሆኑን የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ነው፤ የነገረችኝም እናቴ ናት፣ ሌላ ሰው ልታማልኝ ብላ ወሬው አምልጧት።

«ታዲያ የእትዬ እናት አሁን የት ናት?» ብዬ ጠየቅኩ። እትዬ ብቻ ቀና ብላ አየችኝ። ተቆጣች ብዬ ከእናቴ ቀሚስ ኋላ ገባሁ። አልተቆጣችም ነበር። ጥያቄው የእሷም ስለነበር ነው።

በሳምንቱ አጎቴ ታይፕ አድርጎ ያመጣውን ወረቀት ሳታነብ ፈረመችው። መብት የለኝም የሚል ወረቀት ነው። የተያዘ ሌባ እንዲህ ነው የሚሆነው ብዬ አሰብኩ፤ አንገቱን ደፍቶ ይፈርማል። በማግሥቱ ጠዋት ዕቃዋን በአንሶላ ቋጥራ ወጣች። ከእናቴ ጋር በመስኮት እናያታለን። አውቶቡሱ የሚቆመው ከእኛ በላይ ነው፤ እሷ ግን ወደ ታች ሄደች።

«ወደ ወንዙ ነው» አልኩ። «ልብስ ልታጥብ ነው።»

«እንግዲህ ወደ ዘመዶቿ» አለች እናቴና ሳቀች። እኔም ስስቅ በጥፊ መታችኝ። ለምን እንደተመታሁ ብዙ ዓመት አልገባኝም። ቤቱ ተሸጠ፤ እኛም ከተማውን ተሻግረን ወደ ሌላ ሰፈር ሄድን። ስለ እሷ የሚያነሳ ጠፋ። አባቴ ሲሞት የቀብሩ ቀን በር በሩን አይ ነበር። አልመጣችም።

በንባብ ክፍሉ መጽሐፎቹን የምታወጣዋ ሴት ከመጀመሪያው ቀን ያስተማረችኝ አንድ ነገር አለ። «በአሮጌ መጽሐፍ ውስጥ አዲስ ቁጥር ይዘሽ አትግቢ። መጀመሪያ መንገዱ ከየት ወዴት ይቆጠር እንደነበር እይ። ሁሉም ጀማሪ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።» የእኛ መንገድ ድሮ የሚቆጠረው ከላይ፣ ከውሃው ታንከር ነበር። አክስቴ ገና በዳዴ ስትሄድ ድልድዩ ተሠራና ቁጥሩ ተገልብጦ ከታች ጀመረ። የእኛ ሠላሳ አንድ ያኔ አራት ነበር። በአራት ቁጥር ሥር የአያቴ ስም አለ፤ «አናጢ»። የድሮው ሠላሳ አንድ ደግሞ ወንዙ ዳር ነው። ልብስ አጣቢ ወንዝ ትታ ዳገት ላይ ምን ትሠራለች? ልጅ እንኳ ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ ነበር። አንድም ሰው አልጠየቀም።

አባቴ ተሳስቶ ነው አልኩ። ይህ ለጥቂት ቀናት አሳረፈኝ። ንዴት ያለበት ሰው የሚፈልገውን መስመር ሲያገኝ ከላዩ ያለውን አያነብም።

ከዚያ የቁጥሮቹን መለወጥ የሚያሳየው ሉህ መጣልኝ። አሮጌው ቁጥር በቀይ፣ አዲሱ በጥቁር፣ በእያንዳንዱ ቤት ላይ ጎን ለጎን ተጽፏል። የመጀመሪያው ሉህ በማርጀቱ እንደገና የተገለበጠ ነው። ግርጌው ላይ «ገልባጭ» ከሚለው ቃል ጎን የአባቴ ፊርማ አለ። ቀኑ አያቴ ከመሞቱ በፊት ነው። በእኛ ቤት ላይ ቀይ አራትና ጥቁር ሠላሳ አንድ ተጽፏል፤ እግሩን ወደ ውስጥ የሚሰብረውን የእሱን አራት የትም ባየው አውቀዋለሁ። አጉሊ መነጽሩን አስቀመጥኩ። የዚያን ቀን ሌላ መጽሐፍ አልጠየቅኩም።

የሉሁን ቅጂ አስወጣሁ። ከቤተሰባችን የቀረሁት እኔ ነኝ፤ ልጅ የለኝም። አክስቴ በሕይወት ካለች የኛ መሆኗን ከአንድ ሰው አፍ መስማት አለባት አልኩ። ግርጌውን ግን ወደ ኋላ አጠፍኩት። ለእሷ የሚያስፈልጋት ቁጥሩ ነው፤ ፊርማው አይደለም።

ያን ጠዋት ወደ ወንዙ ስትወርድ አይቻት ስለነበር ፍለጋዬን ከዚያ ጀመርኩ። ከድልድዩ ሥር ስሟን ጠርቼ ሰው ስጠይቅ «እህትማማቾቹ ጋ?» አሉኝ። የድሮው ሠላሳ አንድ፣ የዛሬው አራት ቁጥር ነው። የብረት በሩን የከፈተችልኝ አጭር፣ ወፍራም፣ ዓይኗ የማይንቀሳቀስ አሮጊት ናት። ማን እንደሆንኩ ስነግራት መንገድ አልለቀቀችም።

«የነዳፊው ልጅ?»

«አዎ።»

«ምን ቀራችሁ?»

ከውስጥ «ማነው?» የሚል ድምፅ ባይሰማ ኖሮ የምታስገባኝ አይመስለኝም። አክስቴ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። ከስታለች፤ እጆቿ ግን ያው ናቸው። ድሮ አንቺ እላት ነበር፤ አሁን አንደበቴ «እርስዎ» አለ።

«እትዬ፣ እንደምን ነዎት?»

«ትልቅ ሰው ሆነሻል» አለች። ተቀመጪ አላለችኝም።

በችኮላ ነገርኳት። ካርታውን ጉልበቷ ላይ ዘርግቼ ቀዩን አራትና ጥቁሩን ሠላሳ አንድ አሳየኋት። የአያቴ ልጅ እንደሆነች፣ የተወለደችው በኋላው ክፍል እንደሆነ፣ ቁጥሩ እንደተገለበጠ ነገርኳት። ሁለቱ አሮጊቶች ተያዩ።

«ይህን ልትነግረን ነው እስከዚህ የመጣችው?» አለች አጭሯ። «እኅቴ የመጣች ቀን እናቴ በሕይወት ነበረች። ይቺ እዚያ በር ላይ ቆማ ‹እናቴ ነሽ ወይ?› አለቻት። ‹አይደለሁም፤ እኔ ከዚህችው ሌላ አልወለድኩም። ግን ግቢ› አለቻት። ቁጥሩም ድሮ የኛ እንደነበር ያኔውኑ ነግራታለች።»

«ያውቁ ነበር?» አልኩ ወደ አክስቴ ዞሬ። «ታዲያ ለምን አልተመለሱም?»

«ፈርሜ! ደግሞስ ምን ብዬ? ተሳስተሃል ብዬ በሚስቱ ፊት ላዋርደው?» ትከሻዋን ነቀነቀች። «ልጅ ነው። ንዴት ዓይኑን ጋረደው፤ ቁጥር ተምታታበት። የተሳሳተን ሰው ይቅር ማለት አያቅትም። ይኸው ስንት ዘመን፣ ተሳስቶ ነው እያልኩ ተኝቼ ተነሳሁ።»

ካርታውን ለመጠቅለል እጄን ስዘረጋ እሷ ቀደመችኝ። የታጠፈውን ግርጌ በጣቷ ዳሰሰችው።

«እንዲህ አይታጠፍም» አለች። «ጠርዙ ይሰበራል።»

«ይተዉት፣ እትዬ።»

«አንሶላ ሳጥፍ ነው የኖርኩት፤ ለኔ ታሳይኛለሽ?»

ዘረጋችው። በመዳፏ ደጋግማ ዳመጠችው። ከዚያ መዳፏ ቆመ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ፊርማውን አነበበች፣ ቀኑን አነበበች፣ ወደ ቤታችን ተመልሳ ቀዩን አራት አየች። ማስላት አላስፈለጋትም። አባቷ የሞተበትን ጊዜ ማንም አይነግራትም።

«ያውቅ ነበር» አለች። አልጠየቀችኝም።

ቀና ብላ አየችኝ።

«ለምን አመጣሽልኝ?»

«የኛ መሆንዎን ላሳይዎት ብዬ ነው።»

«የማን እንደሆንኩ ጠፍቶኝ አያውቅም። ከወንድሜ የቀረችኝ ያቺ ስህተቱ ነበረች። እሷንም ወሰድሽብኝ።» ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። «እኅቴ፣ አስወጪልኝ።»

አጭሯ ሴት ክንዴን ጨብጣ ግቢውን አሻገረችኝ። ጥፍሯ በልብሴ ላይ ይሰማኝ ነበር። በሩ ላይ ስንደርስ ዞር ብዬ «ወረቀቱን ልውሰደው፤ ዓይኗ ሥር ባይቆይ» አልኳት።

«ይዛዋለች። ማን ያስለቅቃታል?» አለች። ወደ መንገዱ ገፋ አደረገችኝ። «ከምሳ በኋላ ትንሽ ትተኛ ነበር። ዛሬ አትተኛም።»

መቀርቀሪያው ከውስጥ ተወረወረ።